ዳዊቱን ያዞሩለት ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት ንባብ ነው። ጽሕፈት ለብቻው ሙያ ነው፤ እሱን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደሉን ከብራናው ላይ እያየሁ፣ ከድስት ቂጥ በፋቅሁት ጥላሸት ቀለም እየበጠበጥኩ፣ በመቃ ስሞክር ስሞክር እጄ እንዲህ ሆነ። መስመሬ ከተንሻፈፈ ታገሡኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ድሮም አይሆንልኝም ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዝናብ ጣለና ጣራዬ አፈሰሰ። ግድግዳው ላይ በቆዳ ማኅደሩ የተንጠለጠለው ዳዊት ጠርዙ ራሰ። አውርጄ ከምድጃው ራቅ አድርጌ፣ ገጹን እየለያየሁ ዘረጋሁት። እርጥብ ብራና የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የቆዳ፣ የጭስ፣ የብዙ ሰው እጅ ወዝ ሽታ ነው። ጎንበስ እንዳልኩ ያ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ወንድሜ ከማዶዬ ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠ መሰለኝና ቀና አልኩ። የዝናቡ ውሃ ከጣራው ወደ ገበቴው ይንጠባጠብ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ከተማው ገና ላይ እንጦጦ ነበር። እኛ ከታች በየካ በኩል፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ባለች አንዲት ትንሽ ደብር አጠገብ እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከራጉኤል አናት ላይ እየተንሸራተተ ይወርድና ቤታችንን ይውጠዋል። በጉሙ ውስጥ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ለአዳራሹ፣ ለመኳንንቱ ቤት፣ ለማገዶም ጥድ ይቆረጥ ነበር። ትልቁ ግንድ ሲወድቅ መጀመሪያ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ ቀጥሎ የቆምንበት መሬት ይርዳል፤ ከዚያ ሽታው ይመጣል። አሁን ዳገቱ ተራቁቷል፤ ከተማውም ወደ ፍልውሃው ወርዷል። ላይ የቀረው ነፋስና ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

አባታችን የዚያች ትንሽ ደብር ቄስ ነበር። የምናርሰው መሬት የአገልግሎት መሬት ነው፤ ከቤቱ የሚያገለግል ካለ ይበላዋል፣ ከሌለ ለሌላ አገልጋይ ይሰጣል። አባቴ ሲሞት እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ወንድሜ አሥር ዓመቱ ነበር። ካህናቱ ለእናቴ አዘኑላት። «ሁለት ዓመት እንጠብቃለን» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወንድሜ ዳዊቱን ጨርሶ በደብሩ አለቃ ፊት ያነባል፤ ካለፈ ዲቁና እንዲቀበል ወደ ጳጳሱ ይላካል፣ መሬቱም በስሙ ይጸናል። ካላለፈ ሌላ ሰው ይገባበታል። ነገሩ ይኸው ነበር። በቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ነገር የታሰበበት ቀን አላስታውስም።

የኔታ የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከአንድ ወይራ ጥላ ነበር። ለአምስት ልጅ አንድ ዳዊት ነው የነበረው። መጽሐፉ መካከል ላይ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ይከቡታል። ፊደሉ ቀጥ ብሎ የሚታይበት ቦታ የደብሩ መሪጌታ ልጅ ቦታ ነው። አባት የሌለው ልጅ ቦታ አይመርጥም፤ ወንድሜ ከማዶ፣ ፊደሉ ሁሉ እግሩ ወደ ላይ ከሆነበት በኩል ተቀመጠ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያስተምሩት በጆሮአቸው ነው። አንዱ ልጅ ሲሳሳት ከሩቅ ሰምተው አለንጋቸውን ያነሣሉ እንጂ ማን በየት በኩል እንደተቀመጠ አያዩም።

ወንድሜም በዚያ በኩል ማንበብ ለመደ። እንዲያውም ከሁሉ ፈጣን ሆነ።

ቤት ሲመጣ እኔን ያስተምረኝ ነበር። የአባታችን ዳዊት፣ ይኸው ትናንት የራሰው፣ ቤት ውስጥ ነበረ። እኔ አብሬ ማንበቤን የኔታ በእርግጥ አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ወሬ ሰምተው «መጽሐፉን ለሴት ልጅ መጫወቻ አድርጋችሁ እንዳታበላሹት» ብለው ወንድሜን ስለተቆጡት፣ ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ተደብቀን ነበር የምናነበው። ከበሩ በሚገባው የከሰዓት ፀሐይ አጎዛ እናነጥፋለን፣ መጽሐፉን መካከላችን እናደርጋለን። መጀመሪያ የተቀመጥን ዕለት እኔ ከማዶ ልቀመጥ ስል እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ እዚህ ነው ያንቺ ቦታ።»

«ያ እኮ ያንተ ነው። ተማሪው አንተ ነህ።»

«አንቺ ጀማሪ ነሽ። ቀጥ ያለውን አንቺ ያዢ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀህ?»

«ምን አለ! የሌሊት ወፍ ካንቺ የበለጠ ዳዊት ታውቃለች። ቤተ መቅደስ ነው የምታድረው።»

እንዲህ እየተባባልን ሁለት ክረምት አለፈ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖር፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የምትናገር ጎረቤት ነበረችን፤ ድምፃችንን ስትሰማ «ኢጆሌ!» ትለናለች፣ ልጆች ማለቷ ነው፤ «ይሄ መጽሐፍ አያልቅም እንዴ? ትናንትም ይህንኑ ነበር የምትጮኹት።» ወንድሜም «አልቆ ነው እትዬ፣ እንደገና ጀምረነው ነው» ይላታል። ትስቃለች። ጥርሷ ነጭ ነበር።

አንድ ቀን ለጨዋታ መጽሐፉን አዙሬ ቀጥ ያለውን ለእሱ ሰጠሁት። ማንበብ ጀመረና ተደናቀፈ፤ ደግሞ ጀመረ፤ በጣቱ እየተከተለ ዝግ ብሎ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ሳቀና «ፊደሎቹ እንግዳ ሆኑብኝ እኮ። የማውቃቸውን ሰዎች ከጀርባቸው የማይ መሰለኝ» አለኝ። መልሶም አዞረው። ለማንም አልነገርንም። ለማን ይነገራል?

የመጨረሻው ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈተናው በጾሙ አጋማሽ፣ በአንድ ሐሙስ ቀን እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ሌላ ልጅ ሆነ። ቆሎ አፉ ውስጥ ይዞ ሳያላምጥ ይቀመጣል። ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ መንገድ ለመንገድ ዳዊቱን ይደግማል፤ አንድ ቃል ከሳተ እንስራውን አስቀምጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀውን ይስታል። እጁ ላብ ያወጣ ነበር። በብርድ ቀን፣ በጉም ውስጥ፣ እጁ ይረጥብ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» እለዋለሁ።

«እንጃ። ተይኝ እስቲ እታለም።»

ሁላችንም መድኃኒቱን ያገኘን መስሎን አንዳንድ ነገር እንጨምርበታለን። የኔታ ስንፍና መስሏቸው ድሮ ተፈትነው ስለወደቁና ለማኝ ሆነው ስለቀሩ ልጆች ያወሩለታል። የመሪጌታው ልጅ «አብሾ ጠጣ፣ አእምሮ ይከፍታል፤ ካላሳበደህ ማለቴ ነው» እያለ ይቀልድበታል። እናታችን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለቷን ትሳላለች፤ ተመልሳ ራሱን እየዳበሰች «እኔን ተወኝ ልጄ፣ የአባትህን አጥንት አስብ» ትለዋለች። በፍቅር ነው የምትለው። እሱ ግን በእያንዳንዱ ቃል ትከሻው ዝቅ ይል ነበር።

እኔስ? በፈተናው ዕለት ጠዋት ነጠላውን እያጣፋሁለት «አደራህን፣ እንዳታሳፍረን» አልኩት። ሌላ ብዙ ቃል ነበረ። ስትመለስ ውሃ አብረን እንቀዳለን ማለት እችል ነበር። አሁን የጎረቤቴን ትንሽ ሴት ልጅ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ገበታውን ቀምቼ ከዶሮዎቹ ጋር እንድትጫወት እሰዳታለሁ። እናቷ «ታሞላቅቂያታለሽ» ትለኛለች።

ፈተናው በደጀ ሰላሙ ነበር። ወንዶቹ ውስጥ ተቀመጡ። እኛ ሴቶች ከድንጋዩ አጥር ውጭ ቆምን፤ አጥሩ ከደረቴ አያልፍም፣ እስከ አለቃው መቀመጫ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እናቴ እጄን ጨብጣ ይዛለች። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከተማሪዎቹ ነጠላ ላይ የጠዋቱ ጤዛ ይተን ነበር።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ጭራቸውን ይዘው፣ ፈገግ ብለው ነው የተቀመጡት። ዳዊቱ ከፊታቸው በአትሮንስ ላይ ነው። መጽሐፉን ወደ ራሳቸው አድርገው ገጽ ይመርጣሉ፣ በጭራቸው እጀታ ቦታውን ያሳያሉ፣ ከዚያ ወደ ልጁ ይዞርለታል። የመሪጌታው ልጅ ቀድሞ ገባና አነበበ። ድምፁ ጮኽ ያለ ነበር፤ ሁለት ቦታ ሲሳሳት አባቱ በሳል ሸፈነለትና አለፈ።

ወንድሜ ገባ። አለቃው ገጹን ገለጡና «ከዚህ» ብለው ጠቆሙት። ወንድሜ አየው። መጽሐፉ ገና ወደ አለቃው ነበር፤ ከወንድሜ በኩል ፊደሉ ሁሉ የተዘቀዘቀ ነው። እንደ ወይራው ጥላ፣ እንደ አጎዛችን። ትከሻው ሲላላ ከአጥሩ ማዶ አየሁት። ወር ሙሉ ያላየሁት ፊቱ ተመለሰ። አፉን ከፈተ።

«ቆይ፣ ቆይ እንጂ ልጄ» አሉ አለቃው እየሳቁ። «ተዘቅዝቆብህ ምኑን ታነበዋለህ? ይዙርልህ።»

ሰዉም ሳቀ። አንዱ ዲያቆን መጽሐፉን አንሥቶ አዞረለት።

ወንድሜ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

የሆነውን ያወቅሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔ ብቻ። ቤት ሆኖ ቢሆን ዝግ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ ያነበው ነበር። እዚያ ግን አለቃው አሉ፣ መሪጌቶቹ አሉ፣ የአባቱ አጥንት አለ፣ እናቱ አለች፣ «እንዳታሳፍረን» አለ። የመጀመሪያዋን ፊደል አነሣ፤ ወደቀችበት። ደግሞ አነሣት። መጽሐፉን አዙሩልኝ እንዳይል፣ ዳዊት ዘቅዝቄ ላንብብ ማለት በሊቃውንት ላይ መቀለድ ይመስላል፤ ይህንንም ያሰበ ይመስለኛል።

«አይዞህ» አሉ አለቃው። «የማን ልጅ እንደሆንህ እናውቃለን። አባትህ ሲያነብ ወፍ ዝም ይል ነበር።»

ምነው ይህን ባላሉት ኖሮ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖም በቃሉ መድገም ጀመረ፤ ድምፁ ያምር ነበር፣ አንድ ቃል አልሳተም፤ ግን ሌላ መዝሙር ነበር።

አንዱ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ዓይንህን ግለጥ ልጄ። ያልከው እዚህ ገጽ ላይ የለም።»

የመሪጌታው ልጅ ሳቁን በነጠላው አፈነ።

አንዲት ቃል ነበረች የሚያስፈልገው። «አዙሩለት።» ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ሴት ልጅ በደጀ ሰላም ድምፅዋን አሰማች ይሉኛል አልኩ። አንቺ ደግሞ በየት በኩል እንደሚያነብ እንዴት አወቅሽ ይሉኛል አልኩ። ቀጥ ያለውን ቦታ የያዝሽበት አንቺ ነሽ ይሉኛል አልኩ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። አንዲት ቃል ለመናገር ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው።

«በቃሉ ነው የያዘው» አሉ መሪጌታው ለአለቃው። «ንባብ የለውም።»

እናቴ እጄን ለቀቀች።

ይህም ሆኖ ነገሩ ገና አላበቃም ነበር። ካህናቱ ስለ መሬቱ የሚመክሩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በመካከሉ ሁለት ቀን ነበረ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። እኔ ለየኔታ ልነግራቸው ቆረጥኩ። የኔታ ለአለቃው ቢነግሩ፣ አለቃው መልሰው ይጠሩታል፤ መጽሐፉን በማዶ በኩል ያስነብቡታል፤ በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ ጎጆ ደጅ ላይ ቆምኩ። ውስጥ ሆነው ይደግማሉ። ኮቴዬን ሰሙ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«አንቺ ማነሽ? የቄሱ ልጅ ነሽ? ምን ፈለግሽ?»

መንገድ ለመንገድ ያጠናሁት ነገር ሁሉ ጠፋ። ልክ እንደሱ። የመጀመሪያዋን ቃል አነሣሁ፤ ወደቀችብኝ። አፌ ያገኘውን ተናገረ።

«እሳት… እሳት ልጭር ነው የኔታ።»

«ጫሪ፣ ጫሪ። ከምድጃው አለ። ወንድምሽን አይዞህ በይው።»

ፍሙን በገል ላይ አድርጌ ወጣሁ። ቤታችን እሳት ነበረ። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ቆምኩ፤ አንዴ እንዲያውም እስከ ወይራው ድረስ ተመለስኩ። ነፋስ ነበር፤ ፍሙን በእጄ ከለልኩት። ከዚያ የተማሪዎች ድምፅ ሰማሁና ፈርቼ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ፍሙን አየችና ምድጃውን አየች።

እሑድ መሬቱ ለሌላ አገልጋይ ተሰጠ። ለእኛ ቤቱንና ጓሮውን ተዉልን። አለቃው «ልጁ ዘንድሮ ባይሆንለት ለከርሞ ይመለስ፤ ገና ልጅ ነው» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ወንድሜ ግን ወደ ወይራው ጥላ አልተመለሰም። የአባታችንንም ዳዊት ማኅደሩ ውስጥ ከትቶ ሰቀለው። አብረን አላነበብንም።

ከትንሣኤ በኋላ ነጋዴዎች በሰፈራችን ሲያልፉ በቅሎ የሚነዳላቸው ሰው ፈለጉ። ወደ ጅማ ነው የሚሄዱት። እናቴ አለቀሰች፤ አልከለከለችውም። ጎረቤታችን ስንቅ ቋጠረችለት፣ በኦሮምኛ መረቀችው። አሥራ ሦስት ዓመት አልሞላውም።

አልተመለሰም። አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ነጋዴ በጊቤ በኩል የሚመስለውን ልጅ አይቻለሁ አለን። ሌላ ጊዜ ሌላው ንዳድ ገድሎታል አለ፤ ስሙን ስንጠይቀው ግን የሌላ ሰው ስም ነገረን። እናቴ አምና እስከሞተችበት ቀን ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ ቀና ትል ነበር። ያን ዕለት ያወቅሁትን ለእሷ አልነገርኳትም። ስትታመም ከራስጌዋ ተቀምጬ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ትሰማኝ ነበር። «ምን ልትይ ነበር?» ትለኛለች፤ «ውሃ ላምጣልሽ ወይ?» እላታለሁ።

ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። የሄደ ዕለት እስከ ቀበና ወንዝ ድረስ ሸኘሁት። ማለዳ ነበር፤ በቅሎዎቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ይጠጣሉ፣ ነጋዴዎቹ ከማዶ ይጣሩ ነበር። የእሱ በቅሎ ጭነቷ ተንጋዶ ስለነበር ጠፍሩን ያጠብቅ ነበር። ጀርባውን ስላየሁ ነው መሰለኝ መናገር የቻልኩት።

«ያን ዕለት አውቄ ነበር» አልኩት። «ዳዊቱን ሲያዞሩት። ምን እንደሆንክ አውቄያለሁ። አጥሩ ሥር ነበርኩ። ለየኔታም ልነግራቸው ሄጄ ነበር።»

ጠፍሩን መሳብ አቆመ። አልዞረም።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

ከማዶ እንደገና ጠሩት። ጠፍሩን አሠረ፤ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አደረገ። ከዚያ ዞረና አየኝ። ይቆጣል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው እጁ ራሴ ላይ ነበር፣ እኔ ታላቅ እኅቱ ሆኜ ሳለሁ፣ እንደ ሽማግሌ።

«እኔን የያዘኝ ነው አንቺንም የያዘሽ» አለኝ። «በይ አሁን ተመለሺ እታለም፤ እማማ ብቻዋን ናት።»